የደለል ድምፅ

ስሊድረኽት፣ ከሜርቬደ ወንዝ ዳር፣ ከግድቡ ሥር፣
አያት በአካፋ፣ አባት በመርከብ አሸዋ ባወጡበት መንደር፣
አንድ ቧንቧ አለ፣ በአዳራሽ ውስጥ የሚዞር፤
አፉ ጭራውን ነክሶ፣ ሲዞር ቢውል የማይሰክር።
ሁለመናው ብረት ነው፤ አንድ ክንድ ብቻ መስታወት፤
በዚያች ጠባብ መስኮት
ሳይ እውላለሁ፣ የአሸዋና የውኃን መራኮት።

በወረቀት ላይማ ነገሩ ቀላል ነበር፦
መሬት ወደ ታች ስትስብ፣ አዙሪት ወደ ላይ ሲወረውር፣
ከሁለቱ ጠብ መካከል አንድ ለስላሳ መስመር፤
ከታች የደነደነ፣ ወደ ላይ እየሳሳ፣
እንደ ዳገት ጉም ቀስ ብሎ የሚነሣ።
መስመሩን ወደድሁት። ደለለኝ።
ደለል መሆኑን ማን ነገረኝ?

ውኃ ሲቆጣ ወረቀት አያነብም።
አዙሪት አዙሪትን ይወልዳል፣ ልጁ አባቱን አይመስልም፤
ትልቁ ለትንሹ፣ ትንሹ ለደቃቁ ጉልበቱን ያወርሳል፣
የመጨረሻው ወራሽ ለብ ያለ ሙቀት ሆኖ ይረሳል።
ከግድግዳው ጥግ ውኃው ይሰንፋል፣
ከመሐል ይከንፋል።
ዱቄት የመሰለው እንደ ወሬ ነው፣ ያልደረሰበት የለም፤
ጠጠሩ ወለሉን እየላሰ ይንፏቀቃል፣ ቀና አይልም፤
መካከለኛው ግን፣ የእኔ ቢጤው፣ ክብደቱም ቅለቱም ያልለየለት፣
ይነሣል፣ ይወድቃል፣ ደግሞ ይነሣል፤
የት እንዳለ የሚያውቅለት
የለም።

ሌንደርት ስሌቴን አይቶ ዝም ይላል።
በግራ እጁ ሦስት ጣት ብቻ ቀርቶታል፣
ሁለቱን በወጣትነቱ የመርከብ ገመድ ወስዶበታል።
ያንን መዳፍ ቧንቧው ላይ ያሳርፋል፣
የፈረስ አንገት እንደሚዳብስ ሰው።

መቶ ቅንጣት በጥፍር ቀለም ቀይ ቀባሁ፣
በወረንጦ እየያዝሁ፣ አንድ በአንድ፤ ሁለት ቀን ፈጀሁ።
የኅዳር ሌሊት ነበር፤ ውጭ ዝናብ፣ ውስጥ የፓምፕ ጩኸት።
«ቀንሺ» አለኝ። ቀነስሁ።
በሰከንድ ሦስት ሜትር። ሁለት ተኩል። ሁለት።
ቀዩ በመስኮቷ ሽው ይላል፤ አንድ ስል ሦስት ያመልጠኛል፣
ከታች የጠበቅሁት ከላይ ይስቅብኛል።

«አሁን ተኛ» አለ ሌንደርት።
ሰሌዳው ላይ ምንም የለም፤ መስመሬ እንደ ወትሮው ለስላሳ።
ጠበቅሁ። አሥራ አንድ ሰከንድ ቆይቶ
መርፌው ደነገጠ፣ ግፊቱ ተነሣ።
ከመስኮቷ ሥር አሸዋው ተጋድሟል፣
በጀርባው ላይ ሌላ አሸዋ እየሄደ፤
ጩኸቱም እንደ ታፈነ ሳል ወረደ።
«በምን አወቅህ?»
«አሸዋ እስከጮኸ ድረስ ደህና ነው።
ዝም ሲል ነው ቧንቧ የሚዘጋው»
አለኝ፣ አፍንጫውን በመሐረብ እየጠረገ።

ውኃውን ለቀቅን፣ በወንፊት ነፋን፣ ጎንበስ ብለን ለቀምን፤
ዘጠና ሰባት ቀይ አገኘን።
ሦስቱ የሉም።
በሦስተኛው ቀን ሌንደርት የክብሪት ቀፎ ይዞ መጣ፤
ሚስቱ ኔለከ ሹራቡን ስታራግፍ
ከእጅጌው እጥፋት አንዱ ወጣ።

«የጠፋ፦ ሁለት» ብዬ ሪፖርቱ ላይ ጻፍሁ።
አለቃችን በእርሳስ ሰረዘው፤ «አማካዩን አይለውጥም»።
እውነቱን ነው፣ አይለውጥም።
አማካይ ማንንም በስሙ አያውቅም።

ቧንቧው ዛሬም ይዞራል፣ በሌላ አሸዋ፣ በሌላ ሰው ስሌት።
ሳልፍ ዓይኔ አይታዘዝልኝም፤ ወደዚያች መስኮት፣
አንድ ቀይ ነገር ሽው ይላል፣
ወይም የመብራቱ ነጸብራቅ ይሆናል።
ሌንደርት ጡረታ ወጥቷል፤
መዳፉ ሲያርፍበት የኖረው ብረት ቀለሙን ለቋል።
እጄን እዚያው ላይ አሳርፋለሁ።
ይጮኻል።
ደህና ነው።